ቫሌታን (ማልታ) በመጀመሪያው ቀን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰዓቱም ዓመቱም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው (12፡00 ማለት ከቀኑ ስድስት ሰዓት)፤ ዋጋዎቹ ስለሚለዋወጡ ለግምት ያህል ይያዟቸው።

ቫሌታ ምን ያህል ትሰፋለች? አንድ ቀን ይበቃታል?

ቫሌታ የማልታ ዋና ከተማ ብትሆንም በአውሮፓ ኅብረት ካሉ ዋና ከተሞች ሁሉ ታናሿ ናት። ከከተማዋ በር ተነስቶ እስከ ቅዱስ ኤልሞ ምሽግ የሚዘልቀው የሪፐብሊክ ጎዳና ርዝመቱ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዩኔስኮ በ1980 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት በ55 ሔክታር መሬት ላይ 320 ታሪካዊ ሕንፃዎችና ሐውልቶች እንዳሉባት ጠቅሷል። ዋና ዋናውን ለማየት አንድ ሙሉ ቀን ይበቃል።

ካርታ ላይ አይቶ «ይቺማ በእግር ቅርብ ናት» ያለ ሰው የሚቸገረው በዳገቷ ነው። ኦቶማኖች በ1565 ደሴቷን ከብበው ሳይዟት ከተመለሱ በኋላ፣ ደሴቷን ይገዛ የነበረው የካቶሊክ ተዋጊ መነኮሳት ማኅበር (የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች) አለቃ ዣን ዴ ቫሌት ማርች 28 ቀን 1566 የአዲሷን ከተማ የመሠረት ድንጋይ አስቀመጠ። መሐንዲሱ ፍራንቼስኮ ላፓሬሊ ጎዳናዎቹን ቀጥ አድርጎ ነደፈ፤ ኮረብታውንም ለመደልደል አስቦ ነበር። ጊዜውም ገንዘቡም ስላልበቃ፣ ጠላትም ይመለሳል ተብሎ ስለተፈራ፣ ድልዳሉ ቀረና ጎዳናዎቹ ጉብታው ላይ እንዳለ ተዘረጉ። ወደ ባሕሩ የሚወርዱት መንገዶች ብዙዎቹ ደረጃ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ቪዛ ያስፈልገኛል?

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ አዎ፣ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል። ማልታ ሸንገን ውስጥ የገባችው በዲሴምበር 2007 ነው። የአዋቂ ማመልከቻ ክፍያው ከጁን 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ሲሆን የጉዞ ጤና መድኑ ሽፋን ከ30,000 ዩሮ ማነስ የለበትም። ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር ነው፤ ጣሊያን ስድስት ቀን፣ ማልታ ሁለት ቀን ከሆነ ለጣሊያን ያመለክታሉ። ይህን አገላብጠው ማልታ የሚያመለክቱ ሰዎች ማመልከቻቸው ውድቅ ሊሆንባቸው ይችላል።

ጀርመን፣ ስዊድን፣ ጣሊያን ወይም ሌላ የሸንገን አገር የሚኖር ሰው የጸና የመኖሪያ ፈቃድና ፓስፖርት ይዞ ያለ ተጨማሪ ቪዛ መግባት ይችላል፤ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን። ሁለቱንም በእጅ መያዝ ግድ ነው፤ በስልክ የተነሳ ፎቶ አይተካቸውም። የእስራኤል ወይም የአሜሪካ ፓስፖርት ያላቸው ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልጋቸውም።

ከአዲስ አበባ ሲነሱ በሮም ወይም በፍራንክፈርት ከቀየሩ የፓስፖርት ቁጥጥሩ የሚያልቀው እዚያው ነው። ማልታ ሲደርሱ እንደ አገር ውስጥ በረራ ይወጣሉ። ስለዚህ መቀየሪያው ላይ ሰልፉን አስበው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ተኩል ይተዉ።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ከተማ እንዴት እሄዳለሁ?

ርቀቱ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኤክስ 4 የሚባለው አውቶቡስ ከተርሚናሉ ፊት ለፊት ይነሳና ከከተማዋ በር ውጭ ባለው ዋናው የአውቶቡስ ማቆሚያ ያደርሳል፤ መንገዱ ካልተጨናነቀ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ትኬቱ 2.50 ዩሮ ያህል ነው፣ ለሁለት ሰዓት ያገለግላል፣ በመሀል አውቶቡስ ቢቀይሩም እንደገና አይከፍሉም። በባንክ ካርድ መክፈል ይቻላል፤ በጥሬ ገንዘብ ከሆነ ግን ዝርዝር ይያዙ፣ ለትልቅ ኖት መልስ አይጠብቁ።

በሌላ ጊዜ ከመንገድ ዳር ሲሳፈሩ እጅዎን ዘርግተው ያሳዩ፤ ዝም ብለው ከቆሙ አሽከርካሪው አልፎዎት ይሄዳል። የሞላ አውቶቡስ ጭራሽ አይቆምም። መኪናው የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነ ወደሚሄዱበት አቅጣጫ የሚወስደው ፌርማታ ያለው በግራ ነው፤ መንገድ ሲሻገሩም አስቀድመው ወደ ቀኝ ይመልከቱ። ሻንጣ ከበዛ ወይም ሰዓቱ ከመሸ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ይሻላል፤ ቦልትም ኡበርም ይሠራሉ።

ምን ልልበስ? ምንስ ልጫማ?

ጫማ ላይ አይደራደሩ። የከተማዋ ንጣፍ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ለዘመናት ስለተረገጠ እንደ ሳሙና ሙልጭ ብሏል። ዝናብ ሲነካው ደግሞ ደረጃዎቹ ላይ መውደቅ ቀላል ነው። ሶሉ ጎማ የሆነና እግር የለመደ ጫማ ያድርጉ።

ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ፀሐዩ ከድንጋዩ ላይ እየነጠረ ስለሚመለስ ከ12፡00 እስከ 16፡00 ባለው ጊዜ ጥላ ውስጥ መሆን ይመረጣል። የቧንቧው ውኃ ይጠጣል፤ ከባሕር ውኃ ጨው ተለይቶለት የሚመጣው ብዛት ስላለው ግን ጣዕሙ ብዙ ሰው አይጥመውም። ለካቴድራሉ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይያዙ፤ ቦርሳዎ ውስጥ ነጠላ ካለ ሌላ ነገር አያስፈልግም። የኤሌክትሪክ ሶኬቱ አራት ማዕዘን የሆኑ ሦስት ሹሎች የሚገቡበት የእንግሊዝ ዓይነት ነው፤ ከዱባይ የሚመጣ ሰው ቻርጀሩ ይገባለታል፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ግን መቀየሪያ ይግዛ።

ከየት ልጀምር? ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፤ ሁለት ነገሮች ሰዓት ስላላቸው ሌላው በእነሱ ዙሪያ ይደራጃል። አንደኛው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በ9፡00 የሚከፈተው የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ነው። ሁለተኛው በየቀኑ በ12፡00 እና በ16፡00 የሚተኮሰው የላይኛው ባራካ መናፈሻ መድፍ ነው።

በ8፡30 ከትሪቶን ፏፏቴ ተነስተው በከተማዋ በር ይግቡ። በሩንና ከጎኑ ያለውን ፓርላማ የነደፈው ጣሊያናዊው ሬንዞ ፒያኖ ነው፤ የከተማው ሰው ዛሬም ይወዛገብበታል። ልክ ሲከፈት ካቴድራሉ ውስጥ ይግቡ፤ ከ10፡30 በኋላ በመርከብ የመጡት ቡድኖች ይሞሉታል። ሲወጡ በሪፐብሊክ አደባባይና በፈረሰኞቹ አለቃ ቤተ መንግሥት በኩል ትንሽ ዞረው 11፡40 ላይ ባራካ ይድረሱ። ከመድፉ በኋላ ምሳ፣ ከምሳ በኋላ በሊፍት ወርደው ጀልባ፣ ማታ ወደ ከተማዋ መመለስ።

ብዙ ሰው የሚያጠፋው መጀመሪያ ጎዳናውን ይዞ እስከ ቅዱስ ኤልሞ ምሽግ ቁልቁል መውረድ ነው። ሲወርዱ ደስ ይላል፤ ከዚያ መድፉ ሊተኮስ ሲል በጠራራ ፀሐይ ዳገቱን መመለስ ይመጣል። የምሽጉን ጫፍ ለሌላ ቀን ወይም ለማምሻው ይተዉት።

ካቴድራሉ ከውጭ ሲታይ ተራ ነው፤ 15 ዩሮ ያወጣል?

ያወጣል። ከውጭ ምሽግ የሚመስለው የሠራው ጂሮላሞ ካሳር የጦር መሐንዲስ ስለነበር ነው፤ ግንባታው በ1570ዎቹ ተጠናቀቀ። ውስጡን በ1660ዎቹ ያስጌጠው ሠዓሊው ማቲያ ፕሬቲ ሲሆን ከወለል እስከ ጣሪያ ባዶ ቦታ አልተወም። የሚረግጡት ባለቀለም እብነ በረድ 400 ያህል የፈረሰኞች መቃብር ነው። ሹል ተረከዝ ያለው ጫማ የሚከለከለው እብነ በረዱን ስለሚወጋ ነው። እንደኛ ቤተ ክርስቲያን ጫማ አይወለቅም።

ዋናው ነገር ያለው በጎን በኩል ባለው የጸሎት አዳራሽ ውስጥ ነው፦ ካራቫጆ በ1608 የሣለው የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት መቆረጥ። ሥዕሉ ከ5 ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ ሠዓሊው ስሙን የጻፈበት የታወቀው ብቸኛ ሥራውም ይህ ነው። ፊርማው ያለው ከዮሐንስ አንገት በፈሰሰው ደም ውስጥ ስለሆነ ከታች በኩል ቀረብ ብለው ይፈልጉት። ካራቫጆ ሮም ላይ ሰው ገድሎ ሸሽቶ የመጣ ነበር፤ በማልታ የፈረሰኝነት ማዕረግ ተሰጠው፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ደግሞ ከማኅበሩ ተባረረ። የማባረሩ ሥርዓት የተፈጸመው በዚሁ አዳራሽ፣ በዚሁ ሥዕል ፊት ነው።

የድምፅ ማብራሪያው በትኬቱ ውስጥ ይካተታል። ሁሉንም ክፍል እያዳመጡ ከሄዱ ሁለት ሰዓት ያልፋል፤ ለመጀመሪያ ቀን የመካከለኛውን አዳራሽ፣ ሁለት ሦስት የጎን ጸሎት ቤቶችንና የካራቫጆውን አዳራሽ ማዳመጥ ይበቃል፣ 75 ደቂቃ አካባቢ ነው። መጨረሻ መግቢያው ከመዝጊያው ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ስለሆነ ማምሻውን ደርሼ አያለሁ ማለት አያዋጣም።

ሐዋርያው ጳውሎስ መርከቡ የተሰበረበት ደሴት ይህ ነው? ቫሌታ ውስጥ የሚታይ ነገር አለ?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 «መላጥያ» የተባለችውና እፉኝት እጁ ላይ የተጣበቀባት ደሴት በማልታውያን እምነት ይህችው ናት። የቅዱስ ጳውሎስ መርከብ መሰበር ቤተ ክርስቲያን ከቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከመርቻንትስ ጎዳና ዝቅ ብሎ ባለው በቅዱስ ጳውሎስ ጎዳና በኩል ይፈልጉት። ውስጡ የሐዋርያው የእጅ አንጓ አጥንት ነው ተብሎ የሚከበር ንዋየ ቅድሳትና አንገቱ ተቆርጦበታል የሚባል የዓምድ ቁራጭ አለ። በዓሉ ፌብሩዋሪ 10 ሲሆን ከተማዋ በሰልፍና በርችት ትሞላለች። እኩለ ቀን ላይ ስለሚዘጋ ጠዋት ይሂዱ።

መድፉን ለማየት መክፈል አለብኝ?

የለብዎትም። የላይኛው ባራካ መናፈሻ መግቢያው ነፃ ነው፤ መድፎቹ ያሉበት ሜዳ ከእርከኑ በታች ስለሆነ ከላይ ጥሩ ሆኖ ይታያል። ክፍያ ያለው ወደ መድፎቹ ለሚወርድ ሰው ነው። በብረት አጥሩ ዳር ቦታ ለማግኘት 20 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ። የሚተኮሰው ባሩድ ብቻ ነው፣ ድምፁ ግን የምር ነው፤ ሕፃን ከያዙ ጆሮውን ይሸፍኑለት።

ለፎቶ ግን 12፡00 ጥሩ ሰዓት አይደለም። ከእርከኑ ፊት ለፊት ከወደቡ ማዶ የሚታዩት «ሦስቱ ከተሞች» የሚባሉት በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ በኩል ናቸው፤ ጠዋት ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትገጥምዎታለች። ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ከጀርባዎ ሆና ድንጋዩን ወርቅማ ታደርገዋለች። ሊመለሱበት ይገባል።

ወደ ሦስቱ ከተሞች እንዴት እሻገራለሁ?

ከባራካ መናፈሻ ጥግ ያለው ሊፍት 58 ሜትር ያህል ቁልቁል ወደ ወደቡ ያወርዳል። ክፍያው ትንሽ ነው፣ የሚጠየቁትም ሲወጡ ነው። ከታች መንገዱን ተሻግረው ጥቂት ሲሄዱ የጀልባው ማቆሚያ ይገኛል። መደበኛው ጀልባ በየግማሽ ሰዓቱ ገደማ ይነሳና በ10 ደቂቃ ቦርምላ ያደርሳል። ጠባብና ባለቀለም የሆነው ባህላዊ ጀልባ፣ ዳይሳ የሚሉት፣ ጥቂት ዩሮ ብቻ ይበልጣል፤ ውኃው ጸጥ ባለ ቀን እሱን ይምረጡ፣ ዋጋውን ግን ከመሳፈርዎ በፊት ይስማሙ።

ሦስቱ ከተሞች ቢርጉ፣ ቦርምላና ኢስላ ናቸው። ግማሽ ቀን ብቻ ካለዎት ቢርጉን ይምረጡ። ቫሌታ ሳትኖር የፈረሰኞቹ መቀመጫ የነበረችው እሷ ናት፤ የ1565ቱን ከበባ የመሩትም ከጫፏ ላይ ካለው ከቅዱስ አንጀሎ ምሽግ ነው። ምሽጉ ከሰዓት በኋላ ማለቂያ ላይ ስለሚዘጋ ከ14፡30 ሳያልፍ ይሻገሩ። ከምሽጉ ይልቅ የቢርጉ የኋላ መንገዶች ይበልጣሉ የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ አልተሳሳተም፤ ቱሪስቱ ወደቡ ዳር ይቀርና እነዚያ ጸጥ ብለው ያገኟቸዋል።

ምን ልብላ? ጾም ላይ ከሆንኩስ?

በርካሹ ሆድ የሚሞላው ፓስቲዚ ነው፤ ስስ በሆነ የተደራረበ ሊጥ ውስጥ ሪኮታ አይብ ወይም የተፈጨ አተር ተሞልቶ የሚጋገር። «አተር ስለሆነ ጾም ነው» ብለው አይዘናጉ፤ ሊጡ በተለምዶ በአሳማ ስብ ወይም በማርጋሪን ይታሻል። ጿሚም ሙስሊምም ሳይጠይቅ አይግዛ።

ለጿሚ የሚያስተማምነው ቢጊላ ነው፦ ደረቅ ባቄላ ተቀቅሎ ተፈጭቶ በነጭ ሽንኩርት፣ በቃሪያና በወይራ ዘይት የሚቀርብ፣ ለፉል ቅርብ የሆነ ምግብ። ሁለተኛው ፍቲራ ነው፤ ጠፍጣፋ ክብ ዳቦ በቲማቲም፣ በወይራና በኬፐር ተሞልቶ ይሸጣል። አብዛኛውን ጊዜ ቱና ስለሚጨመርበት «ያለ ቱና» ይበሉ።

የአገሩ መታወቂያ ምግብ የጥንቸል ወጥ ነው፤ በምናሌው ላይ ፌነክ የሚል ካዩ እሱ ነው። በኦርቶዶክስም በቤተ እስራኤልም ልማድ ጥንቸል ስለማይበላ ቃሉን ማወቅ ይጠቅማል፤ በወይን ጠጅ ስለሚበስል ለሙስሊምም አይሆንም። ምግብ ቤቱን ሲመርጡ ደግሞ የሪፐብሊክ አደባባይ ጃንጥላዎች ሥር የሚከፍሉት ለመቀመጫው መሆኑን ይወቁ። አንድ ሁለት መንገድ ወደ ጎን ሲገቡ ዋጋው ይወርዳል።

ለቀኑ ስንት ዩሮ ልያዝ?

ማደሪያን ሳይጨምር 50 ዩሮ ለአንድ ሰው ምቹ ነው፦ ካቴድራል 15፣ አውቶቡስ ደርሶ መልስ 5፣ ሊፍትና ጀልባ 5 አካባቢ፣ ቀሪው ምሳ፣ ውኃና አንድ ተጨማሪ መግቢያ። ካርድ በብዙ ቦታ ይሠራል፤ ለፓስቲዚና ለዳይሳ ግን ሳንቲም ያስፈልጋል። የገንዘብ ማሽኑ «በአገርዎ ገንዘብ ይመንዘርልዎ?» ብሎ ከጠየቀ እምቢ ብለው በዩሮ ይውሰዱ፤ የማሽኑ ምንዛሪ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከባንክዎ ይብሳል።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ እቸገራለሁ?

እንግሊዝኛና ማልትኛ ሁለቱም የሥራ ቋንቋ ናቸው። ማልትኛ በላቲን ፊደል ቢጻፍም ከዐረብኛ የወጣ ነው፤ ሳዑዲ ወይም ቤይሩት የኖረ ሰው ቁጥርና የገበያ ቃላት ላይ ጆሮው ቶሎ ይከፈታል። ሲያመሰግኑ ደግሞ «ግራትሲ» ይላሉ፤ የጣሊያንኛው ድርሻ ነው።

እናቴ ደረጃ መውጣት አትችልም፤ ይዣት ብሄድስ?

ይቻላል፣ ከጉብታው አናት በእግር ሳይወርዱ። የሪፐብሊክና የመርቻንትስ ጎዳናዎች የላይኛው ግማሽ፣ ካቴድራሉና የላይኛው ባራካ ከሞላ ጎደል በአንድ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ከአውቶቡስ ማቆሚያውም በደረጃ አይለያዩም። ወደ ወደቡ በሊፍቱ ይውረዱ፤ መመለሻውም በዚያው ይሁን። ጀልባው ላይ መሳፈሪያው ስለሚወዛወዝ ሠራተኛው እጇን እንዲይዛት ይንገሩት። መስቀለኛ መንገድ ላይ ቁልቁል ወደ ባሕሩ የሚስብ ጎዳና ሲያዩ ግን ይለፉት። መውረዱ ሳይሆን መመለሱ ነው የሚቸግረው።

የደረስኩት እሑድ ነው፤ ቀኔ ባከነ?

እሑድና በሕዝብ በዓላት ካቴድራሉ ለጎብኚ ዝግ ነው። ለቅዳሴ መግባት ይቻላል፤ ያኔ ግን እየዞሩ ማየትም ፎቶ ማንሳትም የለም። ብዙ ሱቆችም አይከፈቱም። ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት፦ ጠዋት የቅዱስ ኤልሞ ምሽግና በውስጡ ያለው የጦርነት ሙዚየም፣ 12፡00 ላይ መድፍ፣ ከሰዓት ቢርጉ። በሙዚየሙ ውስጥ እንግሊዝ በአፕሪል 1942 ለደሴቲቱ ሕዝብ የሰጠችው የጆርጅ መስቀል ሜዳይ አለ። ካቴድራሉን ለሰኞ ጠዋት ያቆዩት። በኦገስት 15 እና በሴፕቴምበር 8 ላይም እንዲሁ ይጠንቀቁ፤ ሁለቱም በዓል ናቸው።

ምዲናን፣ ኮሚኖን ወይም ሃይፖጂየሙን በዚያው ቀን ልጨምር?

የቀድሞዋ ዋና ከተማ ምዲና በአውቶቡስ 40 ደቂቃ ያህል ስለሆነች በጉልበት ትጨመር ይሆናል፤ የሚከፍሉት ግን ቢርጉን በመተው ነው። ትንሿ ደሴት ኮሚኖ ሙሉ ቀን ትበላለች። ሃል ሳፍሊየኒ ሃይፖጂየም፣ ከመሬት በታች የተፈለፈለው ጥንታዊ የመቃብር ስፍራ፣ በቀን የሚያስገባው ጥቂት ሰው ስለሆነ ትኬቱ ከሳምንታት በፊት በኢንተርኔት ይያዛል። የመጀመሪያው ቀን ላይ ሄዶ በር ላይ መጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጅ ያስመልሳል። ከዚያ የወጣችውን «የተኛችው ሴት» የምትባል ትንሽ የሸክላ ምስል ግን በሪፐብሊክ ጎዳና ባለው የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ያገኟታል።

በመርከብ መጥቼ አምስት ሰዓት ብቻ አለኝ፤ ወይም ባሕሩ ከተናወጠስ?

መርከቦቹ የሚቆሙት ከከተማዋ ግርጌ ነው። በወደቡ ዳር 15 ደቂቃ ያህል ተራምደው በሊፍቱ ይውጡ፤ ወደ መርከብ መመለሻ ሰዓት ላይ ሰልፍ ስለሚበዛበት ለመልሱ 40 ደቂቃ ይተዉ። ካቴድራል፣ መድፍ፣ ምሳ፤ ሌላ አይጨምሩ።

ነፋስ ሲበረታ የሦስቱ ከተሞች ጀልባ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊቋረጥ ይችላል፤ በአውሮፓ የቅዝቃዜ ወራት ይህ የተለመደ ነው። ተሻግረው ሳለ ቢቋረጥ አይደንግጡ፦ 2 ቁጥር አውቶቡስ ከቢርጉ፣ 1 ቁጥር ከኢስላ ወደ ቫሌታ ይመልሳሉ። ጊዜው ግን ከ10 ደቂቃ ወደ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ስለሚረዝም፣ መርከብ ወይም በረራ የሚጠብቅዎ ከሆነ ባሕሩ ነጭ አረፋ ባወጣ ቀን ከመጀመሪያውም አይሻገሩ።